ያኛውን የቀመሰው ሰው

የአገራችንን ስም አልነግራችሁም። ስም አጥቶ አይደለም፤ ስሙን የጠራ ሁሉ «በምን ዓይነት ድምፅ ነው የጠራኸው?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ለጤናዬ ብዬ ነው። አገር ነው በቃ። ወንዝ አለው፤ ከወንዙ ወዲህ እኛ አለን፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶዎች አሉ። የእኛና የማዶዎች ጠብ የድንበር አይደለም፤ የሃይማኖትም አይደለም። የጌም ነው።

እኛ የምንጫወትበት ማሽን ገናናው ይባላል። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ጩኸቱንም እንወደዋለን። የማዶዎቹ ማሽን የራሱ ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ ግን ስሙን አፋችን ላይ ማዋል ነውር ስለሆነብን «ያኛው» ነው የምንለው። ልጅ አልታዘዝ ሲል እናቱ «ለያኛው ነው የምሰጥህ!» ትለዋለች፤ ወዲያው ይታዘዛል።

ገናናው ላይ ያለ ጌም ሁሉ ፍልሚያ ነው። ሩጫም ይሁን፣ ኳስም ይሁን፣ ቡጢም ይሁን፣ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! የአገራችን ሕግ ግን የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ነው። የተሸነፈ ሰው ባሸነፈው ሰው ፊት አይቀመጥም። መልሶ እስኪያሸንፈው ድረስ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በምሳም ቆሞ ነው።

እንዳትስቁ። ሲለመድ ቀላል ነው። ጎረቤቴ ፈንታ በሚስቱ ከተሸነፈ ወዲህ እራቱን የሚበላው ሳህኑን ፍሪጅ ላይ አስቀምጦ ነው። የሰፈራችን ዳኛ በገዛ ጸሐፊያቸው ስለተሸነፉ ችሎት የሚያስችሉት ቆመው ነው፤ ጸሐፊው እግሩን አጣጥፎ ይጽፋል። አሸናፊና ተሸናፊ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን መተኛት ይችሉ እንደሆነ ባልና ሚስቶች ጠይቀው ነበር፤ መልሱ እየተጠና ነው ተብሏል። አዝኖ ሆን ብሎ የተሸነፈ ደግሞ ወዮለት፣ እስር ቤት ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚያስከብረው የወንበር ሹም የሚባል ባለሥልጣን ነው። ድንገት ሰው ቤት ዘው ይልና፣ እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳይል፣ ወንበሮቹን በመዳፉ ይዳብሳል። የሞቀ ወንበር ካገኘ ማን እንዳሞቀው ይጠይቃል። መዳፉ የተመሰከረለት ነው፤ የድመት ሙቀትና የሰው ሙቀት ይለያል ይባላል።

አሁን ወደ ጋሽ ቢተው ልውሰዳችሁ። ጋሽ ቢተው የአገሩ ቀማሽ ነበር። ቀማሽ ማለት በዓመት አንድ ቀን ያኛውን በሕዝብ ፊት ሞክሮ መጥፎነቱን የሚመሰክር ሰው ነው። እኛ ፍትሐዊ ሕዝብ ነን፤ ሳንቀምስ አንሰድብም። አንድ ሰው ይቀምስልናል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሁላችንም እንሰድባለን።

የቅምሻ ቀን ወታደሮች በወፍራም ጓንት ያኛውን ይዘው ከወንዙ ይመጣሉ። ለጥንቃቄ በሎሚ ይታጠባል፤ አንዳንድ ዓመት ገና ሳይከፈት የሚበላሸውም ለዚህ ነው፣ እኛ ግን በማዶዎች ሥራ እናሳብባለን። ጋሽ ቢተው በአደባባዩ መሃል ትልቁ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጆይስቲኩን ሲሰጡት ገልብጦ ይይዘዋል። ልብ በሉልኝ፣ ገልብጦ። የማዶን ዕቃ በወጉ ቀጥ አድርጎ መያዝ ማክበር ነው ተብሎ፣ ከቅድመ አያት ጀምሮ ቀማሽ ሁሉ ገልብጦ ነው የሚይዘው። ታዲያ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ ወደፊት ሲሉት ወደኋላ ይሄዳል፣ ዝለል ሲሉት ይንበረከካል፣ በር እያለ ግድግዳ ይላተማል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «አያችሁ የማዶን ጌም? ሰውዬው እንኳ በር አያውቅም!» እንላለን። በመጨረሻ ጋሽ ቢተው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን ያጨማድድና «ቀመስኩት፤ ይመራል!» ብሎ እንትፍ ይላል። የጭብጨባ አዛዥዋ ወይዘሮ አስካለች ቀይ መሐረቧን ታነሣለች፣ እናጨበጭባለን፣ ወደየቤታችን እንገባለን።

ቀማሽ የሚሆነው ገናናው ላይ ማንም ያላሸነፈው ሰው ነው። እሱን ያሸነፈ ትልቁን ወንበር ይወርሳል። ስለዚህ ጆይስቲክ መጨበጥ የቻለ ሁሉ ገጥሞታል፤ ሁሉም ተሸንፏል። የወንበር ሹሙም ተሸንፏል። እኔም ተሸንፌያለሁ፣ ብዙም አላደከምኩት። እስኪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በአገሩ ሁሉ በጋሽ ቢተው ፊት መቀመጥ የሚችል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቆሞ ለመዋል ደግሞ ማን ሰው ቤት ይሄዳል? በበዓል እንኳን አደረሰህ ለማለት የመጣው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይለውና ጉልበቱን እያሸ ይመለሳል። ሰውዬው ክብሩ ሰማይ ነክቶ ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር።

ሚስቱ እትዬ ሙሉነሽ በሕይወት ሳሉ እንዲህ አልነበረም። ብልህ ሴት ነበሩ፤ በዕድሜያቸው አንዴም ጆይስቲክ አልነኩም። «ከባሌ ጋር መቀመጥ ነው የምፈልገው፤ ምን ቆርጦኝ ነው የምገጥመው!» ይሉ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ስንዱ የምትባል። እሷ እንደ እናቷ አልተጠነቀቀችም። ትንሽ ልጅ ሳለች «አባዬ አንዴ ብቻ! በእናትህ፣ አንዴ ብቻ!» እያለች ነዘነዘችው። የቀማሽ ግጥሚያ የሚደረገው በታዛቢዎች ፊት ስለሆነ እያወቀ ሊሸነፍላት አይችልም። አሸነፋት። ልጅቷ እየሳቀች ብድግ አለች፤ ይህም የጨዋታው አካል መስሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአባቷ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ጓዳ ገብታ እንድትቀመጥ ቢለምኑላት የወንበር ሹሙ «ድምፁን እስከሰማች ድረስ ፊቱ ናት» ብሎ ከለከለ። ስታድግ ደጋግማ ገጠመችው፣ ደጋግሞ አሸነፋት። ባሸነፋት ቁጥር ሆድ ይብሰዋል፤ ጣቶቹ ግን አይሰሙትም፣ ማሸነፍ ለምደዋል። ኋላ እሷም ተወችው። ጌጡ የሚባል ቀልደኛ አናጢ አገባችና ወጣች። ጌጡ ጆይስቲክ ሲነካ እጁ ስለሚያልበው ከማንም ጋር ገጥሞ አያውቅም፤ የትም ይቀመጣል።

ከቅምሻው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ስንዱ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ጋሽ ቢተው በሩን ሲከፍት እግሮቿን ነው ያየው፤ አብጠው የጫማዋ ማሰሪያ አልገጥም ብሏል። ሁልጊዜ እሷ ስትመጣ እሱም ይቆማል፣ አብረው አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ያወራሉ።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ማንም የለም» አላት።

«ወንበሩን ይዳብሰዋል አባዬ።»

«ውኃ እናፈስበታለን፣ ይቀዘቅዛል።»

«የቀዘቀዘ ወንበር ካገኘ ደግሞ ለምን ቀዘቀዘ ብሎ ሊጠይቅህ ነው።» ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ግድግዳውን ተደገፈች። «አባዬ፣ እንዳይከፋህ። እስክወልድ ድረስ አልመጣም። እግሬ አልቻለም።»

«ከወለድሽ በኋላስ?»

ሆዷን በእጇ ዳበሰች። ኋላ «አራስ ልጅ ይዤ እንዴት ብዬ ነው እዚህ የምቆመው?» አለችው። «አንተስ ወደኔ ብትመጣ፣ በገዛ ቤቴ ቆሜ ላጥባ?»

 ጋሽ ቢተው የልጅ ልጁን ሊያይ የሚችለው መንገድ ላይ፣ በአጋጣሚ፣ ቆሞ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ልጁ ከወጣች በኋላ ትልቅ ሰውዬ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ።

የቅምሻው ቀን ደረሰ። አደባባዩ ግጥም ብሏል። ሁሉም ቆሟል፤ ጋሽ ቢተው ፊት ነዋ። ያኛው በሎሚ ታጥቦ መጣ፤ እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ ዓመት ሎሚ ተወዶ ስለነበር ብዙ አልታጠበም፣ ተከፈተ። ያን ዓመት የመጣው ጌም ግን የተለየ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ሶፋ ታየ፤ በሶፋው ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ቢተው ጆይስቲኩን ገልብጦ ቢጫን ቢጫን አንዱ ሰውዬ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሌላኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል» አለ ወታደሩ።

ወይዘሮ አስካለች ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ለአገሩ ክብር ሲል ያኛውን የሚነካ ማነው?»

 ያኛውን መንካት አንድ መዘዝ ነው፤ ከጋሽ ቢተው ጋር መግጠም ደግሞ ሌላ መዘዝ፤ አንዴ ቆመን ለመኖር የተፈረደብን ሰዎች ነን፣ ደርቦ መሸነፍ ምን እንደሚያስከትል ማን ያውቃል? ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔም ጫማዬን አየሁ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ድምፅ። ሕዝቡ ተከፈለ። ስንዱ ነበረች፤ ሆዷን በእጇ ደግፋ ወደ መሃል መጣች።

«ስንዱ! ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ጋሽ ቢተው ደንግጦ።

«ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ አባዬ? እኔ ድሮም ቆሜያለሁ።»

የወንበር ሹሙ ትንሽ አሰበና ሕጉ እንደማይከለክል ተናገረ። ስንዱ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሣች። ገልብጦ መያዝ የቀማሾች ወግ ነው፣ እሷ ደግሞ ቀማሽ አይደለችም፤ እጇ እንደመራት ቀጥ አድርጋ ያዘችው። የሷ ሰውዬ ወዲያው ሸብ ረብ ብሎ ሶፋውን በአንድ በኩል አነሣ። የጋሽ ቢተው ሰውዬ ደግሞ በሌላ በኩል አነሣና ወደኋላ ሄዶ ግድግዳ ገጨ። ሶፋው ወደቀ። ሕዝቡ ሳቀ። እንደገና አነሡ፤ አሁን የእሱ ሰውዬ ተንበረከከና ሶፋው ውሻ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ሦስተኛ ሲያነሡ የሱ ሰውዬ ሶፋውን ትቶ አጥር ወጣ።

«አባዬ» አለች ስንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጆይስቲኩን ምነው ገለበጥከው?»

«እንዲህ ነዋ የሚያዘው።»

«ማን አለ?»

«አባቴ። የአባቴም አባት።»

«አያቴ ታዲያ ከዚያ ግድግዳ አልፎ ያውቃል?»

ጋሽ ቢተው ቆም ብሎ አሰበ። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ግድግዳ ሲገጭ ነው የኖረው። እሱም ራሱ ያኛውን ይኸው ስንት ዘመን ቀመስኩት ሲል ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ቀና ብሎ ሹሙን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ የልጁን እግር አየ። ጆይስቲኩን በእጁ ውስጥ አዙሮ ቀጥ አደረገው።

ከሕዝቡ «እ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አንዲት አሮጊት ዐይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ግን በቀዳዳው ያዩ ነበር።

የሰውዬው እግር እንደ ሰው እግር ሄደ። ሶፋው ተነሣ። አባትና ልጅ በደረጃ ወጡ፣ በጠባብ መንገድ ሄዱ፣ ውሻውን ዞረው አለፉ። «ዝቅ በል አባዬ!» «አንሺው፣ አንሺው! ቀስ! ወደ ግራ!» «በማን ግራ?» «በኔ!» «ኧረ ጥጉ ያዘን!» ገናናው ላይ ጋሽ ቢተው አንድም ቃል ሲተነፍስ የሰማው የለም፤ ሰው የሚያጋድመው ዝም ብሎ ነበር። አሁን እንደ ጫኝና አውራጅ ይጮኻል። ገጥሞ ያላሸነፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደነበር ማስታወስ አቃተው።

ከዚያ አንድ በር ላይ ደረሱ። ሶፋው ሰፊ፣ በሩ ጠባብ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ አልገባም አለ። በዕድሜው አንድ ጊዜ ዕቃ ያጓጓዘ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት ይችላል? «አጋድሙት እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «እግሩን አስቀድሙ!» አለ ፈንታ። «የለም፣ የለም፣ ጀርባውን!» አደባባዩ በሙሉ እጁን እያወናጨፈ ሶፋ ማስገባት ጀመረ። የወንበር ሹሙ ሳይቀር «ጠምዝዙት! ጠምዝዙት እኮ ነው የምላችሁ!» ብሎ አንባረቀና፣ ማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠራረገ።

ጠመዘዙት፣ ገባ። ሁለቱ ሰዎች ሶፋውን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ቁጭ አሉ። ሙዚቃ መጣ። አለቀ።

ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጥን። ሁለቱም ተቀምጠዋል። አንድም የቆመ የለም።

«ተሸናፊው የት አለ?» አለ የወንበር ሹሙ። ወደ ቴሌቪዥኑ ቀርቦ መስታወቱን በመዳፉ ዳበሰ። ሄዶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አየ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። ወታደሮቹም አብረው ፈለጉ። አንዱ ሶፋው ሥር ተደብቆ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተሸናፊ ግን ጠፋ።

ሹሙ ላቡን ጠረገና ፍርዱን ለሁለት ከፈለው። «ይስሙኝ ጋሽ ቢተው» አለ። «ይመራል ካሉ፣ እንደ ወጉ ነው። የመረረ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ እርስዎም ወንበርዎ ላይ ነዎት፣ ልጅዎም እንደቆመች ናት። ጣፈጠኝ ካሉ ግን ጨዋታው ተደርጓል ማለት ነው። ሁለታችሁም አሸንፋችኋል፣ ልጅዎ ትቀመጣለች። ነገር ግን ቀማሽ ጣፈጠኝ ካለ ያኛው ገናናውን አሸንፏል ማለት ነው፣ ቀማሹም አገሩን ከድቷል። ስለዚህ በአገሩ ሰው ሁሉ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። በማንም ፊት፣ ዕድሜዎን ሙሉ፣ አይቀመጡም።»

«አባዬ ተው» አለች ስንዱ።  «ይመራል በልና ወደ ቤትህ ሂድ። በዚህ ዕድሜህ ቆመህ ልታልቅ ነው? እኔ ለምጄዋለሁ።»

ጋሽ ቢተው ፊቱን አጨማደደ። አፉን ሞላ፣ ሊተፋ ነው አልን። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያሰለጠነው ፊት ነው፤ ራሱ ነው የሚጨማደደው። ወይዘሮ አስካለች መሐረቧን አዘጋጀች። እሱ ግን ልጁን እያየ ነበር፤ አንዱን እግሯን አሳርፋ በሌላው ቆማለች፣ ከዚያ ሌላውን አሳርፋ በመጀመሪያው። ትንሽ ሳለች እየሳቀች ብድግ ያለችበት ቀን ዐይኑ ላይ መጣ። የሞላውን ምራቅ ዋጠው።

«ጣፈጠኝ» አለ። ከዚያ፣ እንዳልበቃው ሁሉ፣ «ኧረ እንዲያውም ድገሙኝ!»

ወይዘሮ አስካለች ከልማድ ብዛት መሐረቧን አንሥታ ነበር። እኛም ከልማድ ብዛት አጨበጨብን። ሞቅ አድርገን አጨብጭበን ከጨረስን በኋላ ነው ምን እንዳለ የሰማነው። ሴትዮዋ ለዚያች ጭብጨባ ብዙ መከራ አይታለች፤ የሚገርመው በዚያ ዓመት ከተጨበጨበው ሁሉ ከልብ የመጣው እሱ ነበር ይላሉ።

ጋሽ ቢተው ከትልቁ ወንበር ተነሣ። ማንንም አልጠየቀም፤ ወንበሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ልጁ አጠገብ አስቀመጠላት። «ተቀመጪ።»

ስንዱ አመነታች። ሹሙን አየች፤ ሹሙ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ክንዱን ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አለች፣ ተቀመጠች፣ ከሆዷ ውስጥ የወጣ ረጅም «እፎይ» አለች። ጋሽ ቢተው ያቺን እፎይታ ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አልደበቀውም።

ከዚያ የሆነውን ማን አስቦት! እኛ ሁላችን ለካ ሕዝብ ከተባልን ጀምሮ በዚያ ሰውዬ ፊት ቆመን ነበር። አሁን የሱ ተሸናፊዎች አይደለንም። መጀመሪያ ፈንታ በዝግታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተናገረውም፤ ሚስቱ እንኳ አይታ እንዳላየች ሆነች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አደባባዩ በሙሉ ዘጭ አለ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። የወንበር ሹሙ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና ጉልበቱን እያሸ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ሆነ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚያ ትዝ ሲለው ተነሥቶ «ቢተው፣ አንተ ቁም!» አለ። ከእርስዎ ወደ አንተ መውረድ እንዲህ ፈጣን ነው።

ያኛው «ለተጨማሪ ምርመራ» ተብሎ ወደ ሹሙ ቢሮ ተወሰደ። ምርመራው እስካሁን አላለቀም። በቢሮው በኩል ያለፈ ሰው ከውስጥ «ጠምዝዘው! በኔ ግራ!» የሚል ድምፅና ሳቅ ይሰማል። ከባድ ምርመራ ነው መቼም።

የጋሽ ቢተው ቤትስ? መጀመሪያ ሰው የመጣው ለማላገጥ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ያስቆመን ሰውዬ ቆሞ ሲያሳልፍ፣ እኛ ተንፈላሰን ማየት እንዴት አይጥም! ቤቱ በአንድ ሳምንት ጢም አለ፤ ወንበር አለቀ፣ ሰው ከቤቱ በርጩማ ተሸክሞ መጣ። ጋሽ ቢተው ጠላውን ሲቀዳ፣ ቆሎውን ሲያዞር፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ፣ ወሬ ሲጀምር፣ ለካ ጨዋታ አዋቂ ነው! ማን ያውቃል፣ ከሱ ጋር ተቀምጦ ያወራ የለም። ማላገጡ ቀረና መምጣቱ ግን አልቀረም። ጉልበቱ ያመዋል፣ አልዋሽም፤ ሲመሽ ግድግዳ ይደገፋል። «እኛ እንሂድ፣ ጋደም በል» ሲሉት «ምን አስቸኮላችሁ?» ይላል።

ስንዱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትመጣለች። ትቀመጣለች፣ እግሯን በርጩማ ላይ ትሰቅላለች።

«ናፍቀሽኝ ነበር እኮ» አላት አንድ ቀን፣ እግሯን በሞቀ ውኃ እያጠበላት። ጎንበስ ማለት መቀመጥ ስላልሆነ አልተከለከለም።

«እኔም አባዬ። ሳስበው ደግሞ ያናድደኝ ነበር።»

«በኔ?»

«በአንተም፣ በዚያ ሁሉ ማሸነፍህም።»

«ልክ ነሽ» አለ ጋሽ ቢተው፣ «እኔንም ያናድደኝ ነበር።»

ከዚያ ወለደች። ሴት ልጅ። ይህቺ ልጅ ደግሞ አንድ ጠባይ ይዛ መጣች፤ ተቀምጦ የያዛትን ሰው አትወድም። አባቷ ጌጡ ይዟት ቁጭ ሲል ሰፈሩን በጩኸት ታናውጣለች። የስንዱ አማቶች ተራ በተራ ሞከሩ፤ ጩኸት። እኔም እስኪ ስጡኝ ብዬ ያዝኳት፤ የኔንማ ጆሮ ነው ያደነቆረችው። ጋሽ ቢተው ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ግን ወዲያው ጸጥ። ማዛጋት። እንቅልፍ። ሊያስተኛት ዝቅ ሲል መልሳ ትነቃለች፤ ስለዚህ አይልም። ሴትዮ ሁሉ «ይቺ ልጅ እኮ ለአያቷ ነው የተወለደችው» እያለ ይስቃል፤ ስንዱን የአባቷ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

የወንበር ሹሙ አንድ ቀን ቅጣቱ እየተፈጸመ መሆኑን ሊያጣራ መጣ። እንደ ልማዱ ዘው ብሎ ገብቶ ወንበሮቹን ዳበሰ፣ በርጩማዎቹን ዳበሰ፣ ሁሉም ሞቀዋል፣ ያሞቋቸውም ሰዎች ላያቸው ላይ አሉ። ከዚያ ጋሽ ቢተውን ጥጉ ላይ ቆሞ አገኘው፤ ትከሻው ላይ ጨቅላዋ ተኝታለች፣ ትንሽ ትንፋሽዋ አንገቱ ላይ ይሰማል።

«ቢተው!» አለ ሹሙ በሥልጣን ድምፁ። «ቅጣትህን በሚገባ እየተቀጣህ ነው?»

ጋሽ ቢተው ሳይዞር መወዛወዙን ቀጠለ።

«እየተቀጣሁ ነው ጌታዬ» አለ በሹክሹክታ። «ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ እንጂ፤ ገና መተኛቷ ነው።»

ሹሙ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ጫማውን አወለቀ፣ በእጁ ያዘው፣ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ።